ዋጋ አልጨመረም፤ ከረሜላው ነው የቀነሰው

በዓል በደረሰ ቁጥር የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይክራፎኑን ይዞ በግ ተራ ይወርዳል። «ገበያው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሸማቹ «ተወዷል» ይላል፣ ነጋዴው «ከአምናው ይሻላል» ይላል፣ በጉ ዝም ይላል። ከዚያ የዶሮ፣ የቅቤ፣ የሽንኩርትና የእንቁላል ዋጋ በየተራ ይነገርና ዘገባው ያልቃል። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እና እንዴት የሚሉትን ካልመለሰ ዜና አይባልም ተብለን ነበር። የበዓል ገበያ ዜና ግን በአንድ ጥያቄ ብቻ ይኖራል፦ «ስንት?»

እኔ ዛሬ የምጽፈው ይህ ጥያቄ ስለማይይዘው ዕቃ ነው። ስለ ከረሜላና ስለ ብስኩት። (ሳቃችሁን ጨርሱና ቀጥሉ፤ እጠብቃለሁ።)

በግ ሲያንስ ያስታውቃል። ገዢው ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን ይዳስሳል፣ ጥርሱን ያያል። ዶሮ በእጅ ከፍ ተደርጋ ትመዘናለች። እንቁላል እንኳ ስታንስ ዓይን ላይ ናትና «ይቺ የርግብ ናት እንዴ?» ብሎ መከራከር ይቻላል። ለበዓል ከምንገዛው ሁሉ ውስጡን ሳናይ፣ ሳንጨብጥና ሳንከራከር የምንገዛው የታሸገውን ጣፋጭ ነው። እሱ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማሸጊያው እያማረ ውስጡ እያነሰ ሄዷል።

ካላመናችሁኝ ከበዓል ቡና ጋር የሚቀርበውን ሰሃን እዩት። ፈንዲሻው ላይ ጣል ጣል የተደረገችው ከረሜላ መጠቅለያዋ ሁለት ጫፉ ተጠምዝዞ ቢራቢሮ መስሏል፤ ሲፈቱት መሃሉ ላይ ያለችው ነገር የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ብስኩቱ ጥቅሉ በአየር ተነፍቶ ትራስ መስሏል፤ ሲቀደድ አየሩ ይወጣና ብስኩቶቹ ከታች ተኮራምተው ይገኛሉ። በስጦታ ካርቶን የሚመጣው ቸኮሌትማ ለእያንዳንዱ ፍሬ የግል ክፍል ተሰጥቶታል፣ ከጎረቤቱ ጋር በሰፊ ፕላስቲክ ተለያይቶ። አዲስ አበባ ውስጥ እኛ ተከራዮች ያላገኘነውን ስፋት ቸኮሌት አግኝቶታል!

የተገላቢጦሽ ምርቃት

መርካቶ በስፍርና በሚዛን ያደገች ገበያ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍታ ዛሬ ያለችበት ቦታ ከያዘች ጀምሮ ጣሳው፣ ኩባያው፣ መደቡና ኪሎው ሕዝብ ፊት ሲሠሩ ኖረዋል። ሻጭ ሲሰፍር ገዢ ያያል። ጣሳው ጎድጎድ ካለ «ሙላው እንጂ!» ይባላል። ሚዛኑ ከተንጋደደ ጠብ ይነሳል። የሚያታልል ሻጭ ጠፍቶ አያውቅም፣ ግን ለማታለል እጁን ማስለመድ ነበረበት፤ ገዢም ዓይኑን ያስለምዳል። እኩል ለእኩል ባይሆንም ግጥሚያ ነበር።

ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ምርቃት አለ። ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእፍኙ ጣል የሚያደርጋት ጭማሪ። በምርቃት ማንም አልከበረም፣ ማንም አልደኸየም። ሻጩ «አውቄሻለሁ፣ ነገም ተመለሺ» የሚልበት ቋንቋ ነው። ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ ሌባ አይባልም፣ ግን ደንበኛ አያፈራም።

ቡሄን አስቡት። «ሆያ ሆዬ» እያሉ ደጅ የሚቆሙት ልጆች የሚሰጣቸው ሙልሙል ማሸጊያ የለውም። ካነሰ ያዩታል፣ ስላዩትም ዜማውን ይቀጥላሉ! ዛሬ ብዙ ደጅ ላይ ሙልሙሉ በብር ተተክቷል፤ እሱንም ቢሆን ልጆቹ ገልጠው አይተው ነው ምርቃታቸውን የሚያወርዱት። በዓላችን ስጦታውን ዓይን ለዓይን እየተያየ ሲለዋወጥ የኖረ ነው።

ፋብሪካ ያሸገው ዕቃ ምርቃት የለውም፤ እሺ፣ ይህን ተቀብለን ኖረናል። ለዚያ ፋንታ ደግሞ ንጽህናና እርግጠኝነት አገኘን፦ አንዱ ፓኬት ከሌላው ፓኬት እኩል ነው፣ ክርክር አያስፈልግም። ዝም ያለው መቀነስ የሚያፈርሰው ይህንኑ ውል ነው። ጥቅሉ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዋጋው ያው፣ ውስጡ ሌላ። የተገላቢጦሽ ምርቃት ልትሉት ትችላላችሁ፤ ከፍለን ከጨረስን በኋላ ጭማሪ ሰጪዎቹ እኛው ነን።

ሂሳቡ ራሱ ያታልላል። ለምሳሌ ያህል 100 ግራም ብስኩት 50 ብር ነበር እንበል። ዋጋው ሳይነካ 80 ግራም ሆነ። «ሃያ በመቶ ቀነሰ» ትላላችሁ። ተሳስታችኋል ልበላችሁ? የድሮውን 100 ግራም ለማግኘት አሁን 62 ብር ከ50 ያስፈልጋችኋል። የተጨመረባችሁ ሃያ አምስት በመቶ ነው። ይህ ጭማሪ በበግ ላይ ቢሆን ኖሮ የምሽት ዜና ይሆን ነበር።

ለምን ዋጋው አይጨምርም?

ፍትሐዊ እንሁን። ጣፋጭ የሚሠራ ሰው ኑሮው ጣፋጭ አይደለም። ስኳር የኛው ነው ስንል ኖረናል፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ በፈገግታ የሚያነሷት ደስታ ከረሜላ የዚያው የወንጂ ልጅ ነበረች። ነገር ግን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ የጠፋበትን፣ ሲመጣም ሰልፍ የሚሰለፍበትን ዘመን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ላይ ካካዎው፣ ማጣፈጫው፣ ቀለሙና የሚያብረቀርቀው የመጠቅለያ ፕላስቲክ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ይፋዊ የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከረሜላ ፋብሪካ ከዚህ የሚያመልጥበት ዋሻ የለውም። ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ መጠን ይቀንሳል፣ ወይ ይዘጋል።

ታዲያ ለምን መቀነሱን ይመርጣል? አንዱ ምክንያት ኪሳችን ውስጥ ነው። ከረሜላና ብስኩት በድፍን ብር የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ አምስት ብር፣ አስር ብር፣ ሃያ ብር። ልጁ ከእናቱ የተቀበለው አንድ አስር ብር ነው። ብስኩቱ አስራ አንድ ብር ከሆነ ልጁ አይገዛም፣ ባለ ሱቁም ዝርዝር የለውም። ሳንቲም ከእጃችን ከጠፋ ቆይቷል። ሳንቲሙ እየጠፋ በነበረበት ጊዜ ምን እንደተደረገ ታስታውሳላችሁ? ሱፐርማርኬቱ መልሳችንን በከረሜላና በማስቲካ ይከፍለን ነበር። ብሔራዊ ባንክ ያላተመው ገንዘብ! (በከረሜላ መልሰን ዕቃ እንግዛ ብንል ግን ማንም አልተቀበለንም።) መስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብሩ ኖት መጣ፣ ትልቁ ገንዘብ የበለጠ ትልቅ ሆነ፣ ትንሹ ገንዘብ የበለጠ ትንሽ ሆነ። በመሃል ያለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ዋጋ በብር መንቀሳቀስ ሲያቅተው በግራም ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ይህን ያህል ንጹሕ አይደለም። መጠን መቀነስ ስለማይታይ ይመረጣል። ዋጋ ሲጨምር ሰው ይጮሃል፣ ግራም ሲቀነስ ሰው «ልጅ ሆኜ ትልቅ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ» ብሎ ራሱን ይጠራጠራል።

ሌላም ሦስተኛ አለ፤ እሱ የመንግሥት ነው። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መንግሥት ስኳር፣ ዘይትና ዳቦ በነበሩበት የሸቀጥ ዝርዝር ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት የአብዛኞቹ ጣሪያ ተነሳ። ከዚያ የተረፈን ትምህርት ቀላል ነው፦ ዋጋን ብታስሩት ግራሙ በመስኮት ይወጣል። ዳቦ ቤት ገብቶ «ይህ ዳቦ ስንት ግራም ነው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋጋ የጨመረ ነጋዴ «ስግብግብ» ተብሎ ሱቁ በሚታሸግበት አገር ዝም ብሎ መጠን መቀነስ ብልህነት ይሆናል። በግልጽ የጨመረውን እየቀጣን በድብቅ የቀነሰውን እያለፍን፣ ሐቀኛ እንዲሆኑ መጠበቅ ይከብዳል።

ማን ነው የሚከፍለው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ከረሜላ ነው እኮ፣ ጥርስ ያበላሻል፣ ቢያንስ ጥሩ» የምትሉ አላችሁ። እኔም የጥርስ ሐኪሞችን አከብራለሁ። ግን ከረሜላውን የሚበላውን ትታችሁ እስቲ የሚሸጠውን እዩ።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ስትሄዱ ሱቅ በደረቴ የያዙ ልጆች ታገኛላችሁ። ካርቶን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሶፍትና ሲጋራ የሚሸጡ። ፓኬቱን የሚያነሱት እዚያው መርካቶ ካለ አከፋፋይ ነው፤ የሚሸጡት በፍሬ ነው። የልጁ ትርፍ ያለችው በፓኬቱ መጨረሻ ባሉት ጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ነው።

አሁንም ለምሳሌ ብቻ እንደምር። ፓኬቱ 160 ብር፣ ውስጡ 100 ከረሜላ፣ አንዱ በሁለት ብር። ሁሉንም ቢሸጥ 200 ብር ያገኛል፣ ትርፉ 40 ብር ነው። ፓኬቱ ዋጋው ሳይለወጥ 85 ከረሜላ ቢሆንስ? ሽያጩ 170 ብር ይሆናል፣ ትርፉ 10 ብር። ፋብሪካው የቀነሰው አስራ አምስት ፍሬ ነው፤ ልጁ ያጣው ከትርፉ አራት እጅ ሦስቱን ነው። ያውም ፓኬቱን ቀድዶ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ነው የሚያውቀው። ማንም አልነገረውም። የገዛበት ዋጋ ያው ነበርና ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረውም።

ሰፈር ውስጥ ያለችው ባለ ኪዮስክም እንዲሁ ናት። ለበዓል ብላ ብስኩት በካርቶን ታነሳለች፤ ልጆች መጥተው «ይሄ እኮ አንሷል!» ሲሏት የምትሰደበው እሷ ናት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እዚያ የለም። ማሸጊያውን ያሳመረው ዲዛይነርም የለም። ሐሜቱ በሙሉ የሚያርፈው ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ፣ ስለ መቀነሱ ምንም ያልተነገራት ሴት ላይ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህ ያመልጣል። ትልቁን ፓኬት ይገዛል፣ በኪሎ ይገዛል፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ያስመጣል። የሚከፍለው በአንድ በአንድ የሚገዛውና በአንድ በአንድ የሚሸጠው ነው።

ራጉኤልና አንዋር መሃል

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ መርካቶ ራሷ ታውቀዋለች። በረመዳን አመሻሽ አንዋር መስጊድ አካባቢ ሂዱ። ተምሩ በኪሎ ነው፣ ሐላዋው በኪሎ ነው፣ ሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንድሮ ተወዶ ከሆነ ሻጩ «ተወደደ» ይላችኋል፣ እናንተም ታጉረመርሙና ወይ ሩብ ኪሎ ቀንሳችሁ ትገዛላችሁ ወይ ትሄዳላችሁ። ደስ አይልም፣ ግን የቀነሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያወቃችሁትም ስትከፍሉ ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከዚያው ትንሽ አለፍ ስትሉ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። የሁለቱም ደጅ ምእመናን ስለ ጉዳዩ የተጻፈ አላቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምሳሌ መጽሐፍ አባይ ሚዛንን አጥብቆ ያወግዛል፤ በቁርኣን ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሙጠፊፊን፣ ስሙን ያገኘው ሰፍረው ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። ፋብሪካዎቻችን አባይ ሚዛን ናቸው እያልኩ አይደለም። ግራሙን እስከጻፉ ድረስ አልዋሹም። ግን ከጥቅሉ ጀርባ፣ ከባርኮዱ ሥር፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል መጻፍ «ነግሬሻለሁ» ያሰኛል እንዴ?

ጉዳዩ የኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ውስጥ ቶብለሮን የተባለው ቸኮሌት 400 ግራሙ ወደ 360፣ 170 ግራሙ ወደ 150 ሲወርድ የዋጋውን ነገር ለማለዘብ በተራራዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፋ። ሕዝቡ አበደ፤ ምክንያቱም ቅርጹ ራሱ አጋለጠው። በ2018 የድሮው ቅርጽ እንዲመለስ ተደረገ። ፈረንሳይ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ መጠኑ ቀንሶ ዋጋው ያልቀነሰ ዕቃ ሲኖር ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ መደብሮች ይህንኑ ከዕቃው አጠገብ ለሁለት ወር ጽፈው እንዲለጥፉ አስገድዳለች። መቀነስ አልተከለከለም። ዝም ብሎ መቀነስ ነው የተከለከለው።

የኛ አገር ሕግ ከዜሮ አይጀምርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ የዕቃ መግለጫ ላይ የተጣራ ክብደት እንዲጻፍም ይላል። የጎደለው ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው፦

አንደኛ፣ ግራሙና የፍሬው ብዛት ከጥቅሉ ፊት ለፊት፣ ከስሙ አጠገብ፣ በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። ፋብሪካው የፍራፍሬውን ሥዕል ለማተም ቦታ ካገኘ ለሁለት አኃዝ ቦታ አያጣም።

ሁለተኛ፣ መጠን ሲለወጥ «ቀድሞ 100 ግራም፣ አሁን 80 ግራም» የሚል ጽሑፍ ለተወሰኑ ወራት ጥቅሉ ላይ ይቆይ። «አዲስ ማሸጊያ!» የሚለውን በቀይ ቀለም መጻፍ የቻለ ይህንንም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የመርካቶ አከፋፋዮች ሆይ፣ ለውጡን ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ካርቶኑ ትከሻ ላይ ሲቀል ወዛደሩ እንኳ ያውቀዋል። ለሱቅ በደረቴው ልጅና ለባለ ኪዮስኳ ሳይቀዱት ንገሯቸው። ምርቃት ከምትሰጧቸው ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስጧቸው።

አራተኛ፣ ንግድ ቢሮዎች በየበዓሉ «ቁጥጥር አጠናክረናል» ስትሉ አንድ ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ውጡ። ዋጋውን ትታችሁ ግራሙን መዝኑ። የጨመረውን አትሸጉ፣ የተደበቀውን ግለጡ። ጋዜጠኛ ጓደኞቼም «ስንት?» ካላችሁ በኋላ «ስንት ግራም?» በሉልን።

እኛ ሸማቾችስ? ሁላችንም እጅ ላይ ሞባይል አለ፣ ሞባይሉ ላይ ካልኩሌተር አለ። ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉና ሁለት ብስኩቶችን አወዳድሩ። ትልቅ የሚመስለው ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም፣ ርካሽ የሚመስለውም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ይህን የምናደርገው ጥቂቶች ብንሆን እንኳ፣ ግራሙን በሐቀኝነት የያዘው ፋብሪካ ዋጋውን ትንሽ ስለጨመረ ብቻ ገበያ እንዳያጣ እንረዳዋለን። አሁን እየሆነ ያለው ግልባጩ ነው፤ በግልጽ የጨመረው ሲሸሽ፣ በስውር የቀነሰው ይሸጣል። በዚህ ከቀጠልን ሐቀኛው ራሱ መቀነስ ይጀምራል፤ አይፈረድበትም።

ትንሽ መሆን በራሱ ነውር የለውም። አምስት ብር ብቻ ላለው ልጅ የአምስት ብር ብስኩት መኖሩ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን «ትንሽ ነኝ» ይበል። ኑሮ ከበደ፣ ከረሜላው አነሰ፤ እሺ፣ እናውቀዋለን፣ ሁላችንም አንሰናል። ያነሰውን ነገር በሰፊ መጠቅለያ ጠምዝዞ ለበዓል ሰሃን ማቅረብ ግን ለእንግዳ ባዶ ሞሶብ ከፍቶ እንደማሳየት ነው። እንግዳው ምንም አይልም። ተነስቶ ሲሄድ ግን ያስታውሰዋል።

መልካም በዓል፤ ግራሙን ማንበብ አትርሱ።